ማሽኑን በአንድ እጄ የያዝኩበት ቀን

ከምነግራችሁ ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል ጨምሬ እንደሆነ ቁርጭምጭሚቴ ውስጥ ያለው ብሎን ይዛግ። ይህን መሐላ እንደ ቀላል እንዳታዩብኝ። ሌላው ሰው በማይታይ ነገር ይምላል፤ የኔ መሐላ ራጅ አለው። ብሎኑን ያስገባው ሐኪም ራሱ፣ «እንዲህ ያለ አጥንት በሕይወቴ ገጥሞኝ አያውቅም፤ መሰርሰሪያዬ ተሰበረብኝ» ብሏል። አጠገቡ የነበረችው ነርስ ሰምታለች። ምን ያደርጋል፣ ሌላ አገር ሄደች እንጂ መጥታ ትመሰክርልኝ ነበር።

ሥራዬ ፍራሽ መፈተን ነው። ሳቃችሁን ስትጨርሱ እቀጥላለሁ።

ፍራሽ ፋብሪካ ውስጥ ሞላው ከተገጠመና ስፖንጁ ከለበሰ በኋላ፣ ጠርዙ ከመዘጋቱ በፊት፣ አንድ ሰው ይተኛበታል። በጀርባው ይሞክረዋል፣ በጎኑ ይሞክረዋል፣ በሆዱ ይገለበጥበታል። የዘመመ ሞላ ወይም ውስጥ የተረሳ መርፌ ካለ ጎኑ ይነግረዋል። ያ ሰው እኔ ነኝ። በዚህ ከተማ በሰላም የሚተኛ ሰው ሁሉ፣ መጀመሪያ እኔ ተኝቼለታለሁ። ስንት ባለሥልጣን የኔን ሙቀት ወርሷል! ሙሽሮችንማ ተዉት፣ ቁጥር የላቸውም። ጎኔ የወርቅ ሚዛን ነው፤ ሞላ የፀጉር ያህል ካዘነበለች ገና ልብሴን ሳትነካ አውቃታለሁ። ፋብሪካ ውስጥ ጋሽ ሺህ ይሉኛል። ሺህ ዓይነት ዕውቀት ስላለኝ ነው። ሚስቴ ሌላ ምክንያት ትሰጣለች፤ እሱን እንለፈው።

ሚስቴ የሙያዬ ክብር ገብቷት አያውቅም። ጎረቤት ስለ ባሎች ሲያወራ እሷ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የሌላው ባል ደክሞት መጥቶ ይተኛል፤ የኔው ተኝቶ መጥቶ ይደክማል።»

እንግዲህ የዚያን ቀን ነገር ስሙኝ። አንድ ትልቅ ሆቴል ፍራሽ አዝዞ ፋብሪካው በሩጫ ላይ ነው። መጋዘኑ እግር ማሳረፊያ የለውም፤ ፍራሽ በፍራሽ ላይ ተቆልሎ ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረው። ከወዲያ ጥግ፣ ከቢጫው መስመር ባሻገር፣ ሞላ የሚጠመዝዘው ማሽን ቆሟል። ከማሽኒስቱ በቀር ማንም ሰው ቢጫውን መስመር እንዳያልፍ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ማሽን ስላችሁ ደግሞ የልብስ ስፌት መኪና አይምሰላችሁ። ተራራ ነው። ሲነሣ ሦስት ሰፈር ያሉ ውሾች ይጮኻሉ፤ ሲቆም ዶሮዎች ነጋ ብለው ያስካካሉ።

እኔ ፍራሼ ላይ ነኝ። አልተኛሁም፤ ተጋድሜ እየሠራሁ ነው። ድንገት «ቋ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ማሽኑን ከጣሪያው አንጠልጥሎ የያዘው ሰንሰለት ተበጠሰ! ከሥሩ ስድስት ሠራተኞች አሉ፤ ስድስት የቤተሰብ አስተዳዳሪ፣ አንዱ እንዲያውም ሁለት ቤተሰብ የሚያስተዳድር ነው ይባላል። ምን ላድርግ? ከፍራሹ ላይ እንደ ንስር ተነሣሁ፣ ቢጫውን መስመር በአንድ ዝላይ ተሻገርኩ፣ ማሽኑን አየር ላይ ቀለብኩት። በአንድ እጄ። ለምን በአንድ እጅ ያላችሁ እንደሆነ፣ በሌላው ትራስ ይዤ ነበር። ትራሱ የፋብሪካው ንብረት ነው፤ መሬት ሊጣል አይገባም።

«ውጡ!» አልኳቸው። አንድ በአንድ ወጡ። አንደኛው ምሳ ዕቃውን ረስቶ ተመልሶ ገባ፤ እሱንም ጠበቅኩት። ከዚያ በኋላ ማሽኑን እንደ ሕፃን ቀስ አድርጌ አስተኛሁት። በመጨረሻዋ ቅጽበት ብቻ ጫፉ አምልጦኝ ቁርጭምጭሚቴ ላይ አረፈ። ማሽኑ ጭረት አልነካውም። እኔ ነኝ የተነካሁት።

ሆስፒታል ስገባ ለነርሷ የማሽኑን ክብደት አሥር ኩንታል ብዬ ነገርኳት። ያኔ ሕመም ላይ ስለነበርኩ አሳንሼው ነው። ጎረቤቶች ሊጠይቁኝ ሲመጡ ተረጋግቼ ሳስበው ሃያ ሆነ። ቤቴ ተመልሼ እግሬን ወንበር ላይ ሰቅዬ ስናገር ሠላሳ ደረሰ። ሚስቴ ጄሶውን በትራስ እየደገፈች ሰማችኝ።

«የልጆቼ አባት» አለች፣ «ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል።»

«ታዲያ የኔ እያደር ይከብዳል አይደል እንዴ? እንግዲያው እውነት ነው ማለት ነዋ!»

«ምነው ጄሶውን ሲያደርጉልህ ለአፍህም ትንሽ ባስተረፉለት!»

ይህ ሁሉ ጨዋታ የቆመው ጄሶው የተፈታ ዕለት ነው። እኔ ወደ ቤት ስሄድ እግሬ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ሐኪሙ ራጁን ብርሃን ላይ አንሥቶ አየና አጥንቱ ተጣሞ መግጠሙን ነገረን፤ እንደገና ካልተከፈተና ካልተስተካከለ ዕድሜ ልኬን እየጎተትኩት እኖራለሁ። ይህን ማሳከም የፋብሪካው ግዴታ ነው ብለን ሄድን። ፋብሪካው ደግሞ አጭር መልስ ሰጠ፤ በራሱ ጥፋት የተጎዳ ሰው አይመለከተንም፣ እንደ ቀድሞው መውጣትና መውረድ ካቃተውም በቦታው ሌላ ሰው እንተካለን አለ።

ሌላ ሰው! በኔ ቦታ ሌላ ሰው ሊተኛ! እግሬ ይቅርብኝ ብዬ ልተወው እችል ይሆናል፤ ይህን ግን እንዴት ልቻለው?

የሚስቴ ወንድም ጠበቃ ነው። ከስቶ የቀጠነ፣ ቃል እንደ መድኃኒት በጠብታ የሚያወጣ ልጅ ነው። እንዴት የሷ ወንድም ሊሆን እንደቻለ አይገባኝም። ከሥራ ሲወጣ ቤታችን መጣና ከፊቴ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ሕጉ ከባድ አይደለም» አለኝ። «በሥራ ቦታ ላይ፣ ሥራዎን እየሠሩ ከተጎዱ አሠሪው ያሳክማል። እስኪያገግሙ ደመወዝዎን አያቋርጥም። የማይድን ጉዳት ከቀረም ካሳ አለው። የአሠሪው ጥፋት መሆኑን እንኳ እንዲያስረዱ አይጠበቅብዎትም።»

«እሰይ!»

«አንድ ነገር ብቻ አለ። ሠራተኛው ለደኅንነቱ ሲባል የተከለከለውን ነገር እያወቀ ሆን ብሎ ከጣሰ፣ ይህን ሁሉ ያጣል። ስለዚህ ክርክር ሰሚው ቦርድ ፊት ሲቀርቡ የሚሉት ሦስት ቃል ነው፤ ‹ሥራዬን ስሠራ ተጎዳሁ›። ከዚያ ዝም።»

«ዝም?»

«ዝም።»

«እሺ፣ ስድስቱን ሰዎችስ?»

«ይተዋቸው።»

«ታዲያ ይሙቱ ነው የምትለኝ?»

ሚስቴ ከጓዳ ሳቀች። ወንድሟ ግን አልሳቀም፤ ግንባሩን በሁለት ጣቱ ያዘና፣ «ያየ ሰው አለ?» አለኝ።

«የፋብሪካው ሰው በሙሉ! ሺህ ሰው!»

«ሠላሳም አይሞሉ» አለች ሚስቴ።

«ከአጠገብዎ ማን ነበር? በጣም ቅርብ የነበረው?»

«ከአጠገቤማ ጭምቷ ናት የምትቀመጠው። ጠርዝ የምትሰፋው። እሷ ግን ምን ታውቃለች? ከመርፌዋ ቀና ብላ አታይም፤ አብረን ስንሠራ ከኖርነው ዘመን ሁሉ የተናገረችው ተሰብስቦ አንድ ገጽ አይሞላም።»

«እንዲህ ዓይነት ሰው ጥሩ ነው» አለና ተነሥቶ ሄደ።

ከቦርዱ ቀጠሮ በፊት ሌላ እንግዳ መጣልኝ። ሥራ አስኪያጁ! በእጁ ብርቱካን በፌስታል ይዟል። ደጃፌን ረግጦ የማያውቅ ሰው፣ «ጀግናችን እንዴት ነው?» እያለ ገባ። ሚስቴ ወንበሩን አቅርባለት ወደ ጓዳ ስትገባ በጆሮዬ፣ «ጅብ በሽተኛ ሲጠይቅ አይተህ ታውቃለህ?» አለችኝ። ሴት ልጅ መጠራጠር ትወዳለች።

«ጋሽ ሺህ፣ የሆነውን ከራስዎ አፍ ልስማው ብዬ ነው የመጣሁት» አለ።

ነገርኩት። እናንተ፣ እንዴት ያለ አድማጭ መሰላችሁ! ዓይኑ በርቶ፣ አንገቱን አስግጎ፣ አንዳንዴም ጭኑን በእጁ እየመታ ነበር የሚሰማኝ። ቤቴ ውስጥ እንዲህ ተደምጬ አላውቅም።

«ቢጫውን መስመርስ?» አለኝ።

«በአንድ ዝላይ!»

«የተከለከለ መሆኑን ያውቁ ነበር?»

«እኔ የማላውቀው ነገር አለ እንዴ? ጽሑፉ ሲጻፍ ቀለሙን የመረጥኩት እኔ ነኝ።»

«እያወቁ ማለት ነው። በፈቃድዎ።»

«ማን ሊያስገድደኝ!»

«ይህ ታሪክ ቦርዱ ፊት መነገር አለበት» አለና እጄን በሁለት እጁ ያዘ። «አንዳች እንዳያስቀሩ። እኛም የክብር ምስክር ወረቀት እናዘጋጃለን። በፍሬም።»

በፍሬም! ከሄደ በኋላ ግድግዳው ላይ ቦታ መረጥኩ። ሚስቴ ብርቱካኑን ከነፌስታሉ አንሥታ ለጎረቤት ሰጠችው።

ቀኑ ደረሰ። የተጎዱ ሠራተኞች አቤቱታ የሚሰማው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለም። ማን እንዳሰበው እንጃ፤ ክራንች ይዞ እዚያ የደረሰ ሰው፣ አልተጎዳም ተብሎ እንዲመለስ ይሆናል። ሚስቴ ከኋላ እየገፋች፣ ወንድሟ ከፊት እየጎተተ አወጡኝ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ከጀርባው ሦስት የቦርድ አባላት፣ መካከል ላይ መነጽሯን ጸጉሯ ላይ ያደረገች ሰብሳቢ። ሥራ አስኪያጁ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ ሲያየኝ አንገቱን ሰበረልኝ። ሚስቴ ከኋላዬ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።

«ሦስት ቃል» አለኝ ጠበቃው በሹክሹክታ።

ሰብሳቢዋ እንዴት እንደተጎዳሁ ጠየቀችኝ። ተነሣሁ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «ሥራዬን ስሠራ ተጎዳሁ» አልኩ፤ አልኩና ተቀመጥኩ። ከተወለድኩ ጀምሮ እንዲህ አጥሬ አላውቅም። ላብ አጠመቀኝ።

«በቃ?» አለች ሰብሳቢዋ።

ይህች «በቃ» ናት የጣለችኝ። በዘራችን «በቃ?» ተብሎ ተጠይቆ «አዎ፣ በቃ» ያለ ሰው የለም። እንደገና ተነሣሁ። ሰንሰለቱ ተበጠሰ፤ ማሽኑ ወረደ፤ እኔ በረርኩ። የማሽኑ ክብደት አምሳ ኩንታል ነበር፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ሲታይ ነገር ሁሉ ይገዝፋል። ዘጠኝ ሰዎችን ከሞት አወጣሁ።

«ፋብሪካው ባቀረበው መልስ ላይ ስድስት ነው የሚለው» አለች ሰብሳቢዋ።

«ሦስቱ ከኋላ ነበሩ፤ በጢሱ ምክንያት ያኔ አላየኋቸውም።»

«ጢስም ነበር?»

«እንዴት አይኖርም! አምሳ ኩንታል ወድቆ?»

ከቦርዱ አባላት አንዱ ወደ መስኮቱ ዞሮ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አልቅሶ ይሆናል። ጠበቃው በጫማው ጫፍ ይነካኛል፤ የሚነካው ደግሞ ያችኑ የተሰበረችውን ነው። ቢጫውን መስመርም፣ ቀዩንም ጽሑፍ፣ እያወቅኩ መዝለሌንም አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ።

ሥራ አስኪያጁ ተነሣ። ድምፁ ሊቆረጥ ምንም አልቀረው።

«ክቡራን የቦርዱ አባላት፣ እኔ በዚህ ሰው እኮራለሁ። ጀግና ነው። እዚህ የተናገረው ሁሉ እውነት መሆኑን ፋብሪካው በሙሉ ልብ ይቀበላል። የሚያሳዝነው፣ እሱ ራሱ አሁን እንዳረጋገጠው፣ የደኅንነት ክልከላውን እያወቀ በፈቃዱ ጥሷል። እንዲህ ሲሆን ሕጉ አሠሪውን አያስገድድም። እኛ ግን ጀግንነቱን አልረሳንም» ብሎ ከቦርሳው ፍሬሙን አወጣ። መስታወቱ ያብለጨልጫል። ዙሪያው ወርቃማ ነው።

እጄን ዘረጋሁ። ዘርግቼ ሳለሁ ነው የጠበቃውን ትንፋሽ የሰማሁት፤ ጎማ ሲተነፍስ እንደሚሰማው ዓይነት። ዞር ስል ሚስቴ ፊቷን በሻርፗ ሸፍናለች። ስትስቅብኝ አውቃታለሁ፤ ይህ ግን ሳቅ አልነበረም። ያቺን የተጣመመች እግሬን አየኋት። ፍሬሙን አየሁት። እጄ መካከል ላይ ቀረች።

«የሚያስተካክሉት ቃል አለ?» አለች ሰብሳቢዋ። ድምፅዋ ውስጥ ልመና ያለ መሰለኝ።

እኔ ደግሞ እውነትን የምክድ ሰው አይደለሁም። በሌላ በኩል ግን እግር እግር ነው።

«ማሽኑ... ሠላሳ ኩንታል ይሁን» አልኩ። «የሰዎቹም ቁጥር ወደ ስድስት ይመለስ።»

«መስመሩስ?»

«መስመሩን... ዘልዬዋለሁ።» ምን ልበል? ሰው ፊት የዘለልኩትን ማን ተመልሶ ይዘለዋል?

ሰብሳቢዋ ብዕሯን አነሣች። ጠበቃው በዚያች ሰዓት ብድግ ብሎ፣ «ምስክር አለን» አለ። እኔም እንደ እናንተው ያኔ ነው የሰማሁት። በሩ ተከፈተና ጭምቷ ገባች። የሥራ ሽርጧን አላወለቀችም፤ መርፌዋ ከነክሯ ኮሌታዋ ላይ ተሰክቷል። ደስ አለኝ፤ ዘጠኙንም ሰዎች በአንድ አፍ ትመሰክራለች ብዬ።

ማለች። ከዚያ እጆቿን አጣምራ፣ ለመስማት ሁላችንም ወደ ፊት ዘመም እስክንል ድረስ በቀስታ መናገር ጀመረች።

«ማሽኑ ያን ቀን አልሠራም። ቀበቶው ተበጥሶ ሠሪ እየጠበቀ ነበር።»

«ከሰንሰለቱ ላይ ሲወድቅ አላየሽም?» አለች ሰብሳቢዋ።

«ሰንሰለት የለውም። ወለሉ ላይ በሲሚንቶ የተተከለ ነው። ከተተከለበት ንቅንቅ ብሎ አያውቅም።»

ልቃወም ስነሣ ሚስቴ ከኋላ ኮቴን ያዘች። አያያዟ ደግሞ እንደ ማሽኒስት ነው።

«እሱስ? አቤቱታ አቅራቢው የት ነበር?»

«ቁልሉ ላይ። ወለሉ በሆቴሉ ዕቃ ስለሞላ፣ ላይ ወጥተህ ፈትን ተብሎ ነው የወጣው። ሌላው ሰው ምሳ ሲወጣ እኛ እንድንጨርስ ታዘዝን።»

«ማን ነው ያዘዘው?»

ጭምቷ ሥራ አስኪያጁን አየችው። ፍሬሙ ቀስ እያለ ወደ ቦርሳው መመለስ ጀመረ።

«ተኝቶ ነበር?» አለ መስኮት ሲያይ የነበረው።

«አዎ፣ ተኝቶ ነበር። ሥራው እኮ ነው።»

«ታዲያ እንዴት ወደቀ?»

«በመሰላል ነው የሚወርደው። ሁልጊዜ በጀርባው ዞሮ፣ ሳያይ፣ በእግሩ እየፈለገ ነው የሚረግጠው። ያን ቀን እሱ ላይ እያለ መሰላሉን ወሰዱት። በሩ ላይ ለሆቴሉ ሰዎች የእንኳን ደህና መጣችሁ ጨርቅ ይሰቀል ነበር። ወሳጁ ለእኔም ለእሱም አልተናገረም። ፍራሽ ፈትኖ ሲጨርስ ‹አለፈች› ይለኛል፤ እሱ ሳይል ጠርዝ አልዘጋም። ‹አለፈች› አለኝ። መርፌዬን አነሣሁ። ቀና ስል ቁልሉ ላይ የለም።»

ሰብሳቢዋ መነጽሯን ከጸጉሯ ላይ አውርዳ አደረገችና መጻፍ ጀመረች። ረጅም ጊዜ ጻፈች። ጠበቃው በዚያ ሁሉ ክርክር ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ።

«እንግዲህ ከሞት አወጣኋቸው ያላቸው ሰዎች» አለች ሰብሳቢዋ ቀና ሳትል፣ «ስድስትም ይሁኑ ዘጠኝ፣ የት ነበሩ?»

«እዚያ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ» አለች ጭምቷ። «እኔንም አላዳነኝም። ያነሣሁት እኔ ነኝ።»